ውሃ በጉያው የሚይዝ አበባ

በዚህ ዓምድ ስለ ጓሮ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለሚበላው ነገር ነው፤ ስለ ጎመን፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ማንጎና ስለ ሙዝ። ዛሬ ግን ለዐይን ብቻ ስለሚተከል አንድ ተክል ልጽፍ ነው። የማይበላ ነገር መትከል ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ አስብ ነበርና። ይሁን እንጂ ይህ ተክል በቤታችን ውስጥ ከባድ ክርክር አስነሥቶ ስለ ነበረ፣ የክርክሩም ፍሬ ለሌላው ቤተ ሰብ የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ነገሩን ከመነሻው አወጋችኋለሁ።

ተክሉ ወደ ቤታችን የገባው በአንድ የሥራ ባልደረባዬ እጅ ነው። ይህ ሰው በክረምት ዕረፍት አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ፣ ከመንገድ ዳር አበባ ሻጮች የገዛውን፣ ቅጠሉ እንደ ዋንጫ ዙሪያውን የተደራረበና መኻሉ እንደ በርበሬ የቀላ ተክል በካርቶን አድርጎ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተሸክሞ እስከ አሶሳ አመጣልኝ። ስሙን ብጠይቀው ሻጩ የአናናስ አበባ ነው እንዳለው ነገረኝ። ሻጩ አልዋሸም ነበር፤ እኔ ግን ቃሉን ለገበያ ማድመቂያ የተባለ መስሎኝ ናቅሁት።

ያደግሁበትን የጎመን አተካከል ተከትዬ፣ በግቢዬ ቀይ አፈር ላይ ጉድጓድ ቈፍሬ ተክሉን እስከ አንገቱ ቀበርሁት። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ሰማዩ እያጠጣው ሳለ እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ውሃ እጨምርለት ነበር። ስድስት ሳምንት ሳይሞላው መኻሉን ይዤ ብስበው ቅጠሉ ሁሉ ተመንግሎ በእጄ ቀረ፤ የግንዱም ሽታ የሰነበተ አተላ ሆኖ ነበር። ባልደረባዬ ታጋሽ ሰው ነውና በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሌሎች አመጣልኝ። በዚህ ጊዜ ግን ከመትከሌ አስቀድሜ ማንነቱን ለማወቅ መጻሕፍትን አገላበጥሁ።

ይህ ወገን በሳይንስ ቋንቋ ብሮሜሊያ ይባላል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1705 ለሞተው ለስዊድናዊው ሐኪምና የዕፀዋት ዐዋቂ ለኦሎፍ ብሮሜልዩስ መታሰቢያ ነው። ከ3,000 የሚበልጡ ዐይነቶች አሉት፤ እነዚህም ከአንዱ በቀር ሁሉም የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ናቸው፤ ያ አንዱ ብቻ በምዕራብ አፍሪካ በጊኒ ዐለቶች ላይ ይገኛል። ከወገኑ መካከል እኛ በስሙ የምናውቀው፣ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1493 በጓዴሎፕ ደሴት ያገኘውን፣ ዛሬም በአገራችን በሲዳማና በጅማ በኩል የሚለማውን አናናስን ነው። በአሜሪካ ዛፎች ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል አንድ ዘመድም አለው፤ በሰሜን ተራሮች በአስታ ዛፍ ላይ የሚንዠረገገውን ሽበት ያየ ሰው መልኩን ለመገመት አይቸገርም።

አናናስ በአፈር ይበቅላል። ለአበባ ከሚተከሉት ዘመዶቹ ግን ብዙዎቹ በትውልድ አገራቸው አፈር አይነኩም፤ በትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው ይኖራሉ። ይህን የሰማ ሰው እንደ ተቀጽላ የዛፉን ደም የሚመጥ ጥገኛ ይመስለዋል፤ እንዲህ ግን አይደለም። ዛፉ መቀመጫ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሥሩ እንደ መርከብ መልሕቅ ለመያዣ ያገለግላል እንጂ ምግብ አይፈልግበትም፤ የተክሉ አፍ ቅጠሉ ነው። በቅጠሉ ገጽ ላይ በዐይን የማይለዩ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉ፤ በእነርሱ አማካይነት ከዝናቡና ከጤዛው ይጠጣል። የቅጠሎቹም ሥር እርስ በርሱ ተደጋግፎ ዋንጫ ይሆንና የዘነበውን ውሃ ያቈረዋል፤ ከላይ የሚረግፈው ቅጠልና አቧራ እዚያ ገብቶ ይበሰብስና ምግብ ይሆነዋል። እንግዲህ እኔ ያን የመጀመሪያውን ተክል ቀብሬ የገደልሁት፣ መልሕቁን እንደ አፍ ቈጥሬ ስላጠጣሁት ነው።

ይህን ከተረዱ በኋላ አተካከሉ ቀላል ነው። አፈሩን መተው፤ በእርሱ ፈንታ የተፈረካከሰ የዛፍ ቅርፊት፣ የከሰል ስባሪና ሻካራ አሸዋ ቀላቅሎ፣ ታችዋ በተበሳ ጣሳ ወይም ማሰሮ ውስጥ ተክሉን ማቆም ብቻ ነው። እኛ አሶሳዎች ደግሞ ሽመል አለን። ወፍራሙን ሽመል ከአንጓው በታች ቈርጬ፣ አንጓውን በጋለ ብረት በስቼ፣ ከማንኛውም ከተማ ከሚሸጥ ማሰሮ የማያንስ የአበባ ዕቃ አወጣሁለት። ሁለተኛውን ተክል በማንጎው ሻካራ ግንድ ላይ በአሮጌ ጨርቅ ጥብቅ አድርጌ አሰርሁት፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ሥር ዛፉን ስለ ያዘ ጨርቁን ፈታሁለት። እንዳይነቃነቅ ማድረግ ዋናው ነገር ነው፤ የሚወዛወዝ ተክል ሥር አይሰድም።

አገራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለች ሞቃት አገር ናትና ሙቀቱ ይስማማዋል። የሚያስቸግረው ፀሐዩ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው የቀትር ፀሐይ ለስላሳውንና ሰፊውን ቅጠል እንደ ምጣድ ያቃጥለዋል። ቅጠሉ ጠንካራና እሾኻም የሆነው ዐይነት ብዙ ብርሃን ይችላል፤ ለስላሳውና አረንጓዴው ግን ጥላ ይሻል። የኔው ቀይ ልብ ያለው ተክል በሁለቱ መካከል ነው፤ በጥቅጥቅ ጥላ ሥር ሳስቀምጠው ቀለሙ እየደበዘዘ አረንጓዴ ሆነ፤ የጠዋት ፀሐይ በቅጠል መካከል ተንጠባጥባ ወደምትደርስበት ቦታ ባዛውረው ቅላቱ ተመለሰ። በደብረ ብርሃንና በመሰለው ደጋ የምትኖሩ አንባቢያን ግን ውጭ አትተዉት፤ ውርጭ ያቃጥለዋልና በመስኮት አጠገብ በቤት ውስጥ አሳድሩት።

ማዳበሪያ በዋንጫው ውስጥ መጨመር አያስፈልግም፤ ያበላሸዋል። ሌላም የማይገመት ጠላት አለው፤ ይኸውም መዳብ ነው። ለቲማቲም ሻጋታ ከሚረጩት መድኃኒቶች መካከል መዳብ ያለባቸው አሉ፤ ጎረቤት ሲረጭ ብናኙ በዋንጫው ውስጥ ቢገባ ተክሉ ይሞታል። በመዳብ ዕቃ የተቀመጠ ውሃም አይሰጠው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንዲህ እንዲህ ሲል በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ተክሎች ሰባት ሆኑ። አንዱን ለማማሩ ብዬ በልጆች መኝታ ቤት መስኮት ሥር ሰቀልሁት።

በጥቅምት ወር የስምንት ዓመቷ ልጃችን አንድ ማታ ራሴን አለች፤ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ አድራ ሲነጋ እንደ እሳት ትፋጅ ነበር። ጤና ጣቢያ ወስደናት ከጣቷ ደም ተወስዶ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ። የአሶሳ ሰው ጥቅምትንና ኅዳርን ያውቃቸዋል፤ ዝናቡ አባርቶ ውሃው በየጕድባው ሲያቈር ወባ የማይጐበኘው ቤት ጥቂት ነው። መድኃኒቷን ጀምራ በሦስተኛው ቀን ምግብ መቅመስ ያዘች። በዚያው ቀን ባለቤቴ ቤቱን ስታጸዳ ከመስኮቱ ሥር ካለው ተክል ዋንጫ ውስጥ የሚወራጩ ጥቃቅን ትሎች አየች። በብርጭቆ ቀድታ ከፊቴ አስቀመጠችውና እንዲህ አለችኝ፦

«መምህር፣ ተማሪዎችህን ያቈረ ውሃ ድፉ እያልህ ታስተምራለህ። በቤትህ ግን ከልጅህ ራስጌ ወባ ታረባለህ። ዛሬውኑ ሁሉም ከዚህ ግቢ ይውጡልኝ።»

የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ያን ሌሊት ልጅቱን በአጎበሯ ውስጥ እያየሁ፣ ለዐይኔ ደስታ ብዬ ያመጣሁት ነገር ለዚህ አብቅቶን እንደ ሆነ ሳስብ አደርሁ። ጠዋት ተክሎቹን ከማውጣቴ በፊት ግን የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠርቼ ብርጭቆውን አሳየኋት። በብርሃን አንጻር ከፍ አድርጋ ተመለከተችውና፦

«ጋሼ፣ ይህ የወባዋ ትንኝ እጭ አይመስለኝም። አዩት፤ ጭራውን ከውሃው ገጽ አስነክቶ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። የወባዋ ግን ከውሃው ገጽ ጋር ትክክል ጋደም ብላ ነው የምትታይ። ለማንኛውም ኑ፣ ግቢውንና አካባቢውን እንይ» አለችኝ።

ከግቢያችን በስተ ኋላ፣ ስልሳ ርምጃ ያህል ርቆ፣ ለጡብ ጭቃ ተቈፍሮ የተተወ ጕድጓድ አለ። ክረምቱ የሞላው ውሃ ፀሐይ እየመታው ተኝቷል፤ ዙሪያውንም የከብት ኮቴ የረገጠው ሥፍራ ሁሉ ውሃ ቋጥሯል። ጭልፋዋን ነክራ ስታወጣ በውሃው ላይ ጋደም ያሉ እጮች ሞልተውበታል። በአገራችን ወባን በብዛት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትወደው እንዲህ ያለውን ፀሐይ የሚያገኘውን የመሬት ኩሬ እንደ ሆነ አስረዳችኝ። በዚያው ቅዳሜ ጎረቤቶች ተሰብስበን ጕድጓዱን በአፈር ደፈንነው።

እኔ በልቤ ተክሌ ከክስ ነጻ ወጣ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ግን፣ «የወባዋ ካልሆነች ይህችኛዋ ምን ይዛ ትመጣለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም። መልሱን ስፈልግ ያገኘሁትን ታሪክ ሳልሸሽግ ላካፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በዙሪያው ባለው የደቡብ ምዕራብ አገራችን ቢጫ ወባ ገብቶ 30,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ተገምቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1959 ከኛ ወሰን ማዶ በሱዳን በደቡብ ፉንግ ያው በሽታ ተነሥቶ ነበር። የኢትዮጵያውን ወረርሽኝ የመረመሩ ሊቃውንት በሽታውን ካስተላለፉት ትንኞች አንዷ ኤዴስ ሲምፕሶኒ የምትባለው መሆኗን ደረሱበት። ይህች ትንኝ የምትራባው በኩሬ ሳይሆን በእንሰትና በጎደሬ የቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀመው ጥቂት ውሃ ነው። እንግዲህ ቅጠል በጉያው የያዘው የአንድ ስኒ ውሃ ሕዝብ የሚያስለቅስበት ጊዜ አለ ማለት ነው። እንሰቱን ማንም አልነቀለውም፤ ምግብ ነውና። የኔ ተክል ግን ምግብ አይደለም፤ ስለዚህ ክርክሩ ከበደብኝ።

ከዚህም የባሰ ምስክር ከራሱ ከተክሉ አገር ተገኘበት። በትሪኒዳድ ደሴት የካካዎ ተክል ጥላ እንዲሆን ይተከል የነበረው ዛፍ የኛው የኮርች ዘመድ ነው። በእነዚያ ዛፎች ላይ ብሮሜሊያ በብዛት ይቀመጥ ነበር። አኖፊለስ ቤላቶር የምትባለው ትንኝ ደግሞ፣ ከአብዛኞቹ የወባ ትንኞች ልማድ ወጥታ፣ በእነርሱ ዋንጫ ውስጥ ትራባለች፤ ወባም ታስተላልፋለች። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መንግሥት ተክሉን ከዛፍ ላይ በእጅ ከማስለቀሙም በላይ፣ የመዳብ ሰልፌት በውሃ በጥብጦ እያስረጨ አጠፋው። ቀደም ሲል ልብ በሉልኝ ያልሁት የመዳብ ነገር እዚያ የሰው ልጅ መሣሪያ ሆነ። ያች ትንኝ የአሜሪካ ናት፤ እኛ ዘንድ የለችም። ነገር ግን በዕቃ ውስጥ በተቀመጠ ውሃ የምትራባ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። በዚያችው ከተማ በ2013 ደንጊ የሚባለው ትኩሳት ገብቶ ነበር፤ እርሱን የምታስተላልፈው ኤዴስ በጣሳም፣ በአሮጌ ጎማም፣ በቅጠል ዋንጫም ትራባለች።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አነበብሁላት። ከነበበኝም ነገር ለራሴ የሚመቸውን ብቻ መርጬ እንዳልተውሁ ስላየች ይመስለኛል፣ ቍጣዋ በረደና ወደ ስምምነት መጣን። ከሰባቱ ተክሎች አራቱ ወጡ። ሦስቱ ቀሩ፤ እነርሱም ከመኝታ ቤት ርቀው ከግቢው ጫፍ ወዳለው ማንጎ ተዛወሩ። በሙቀት አገር የትንኝ እንቍላል ተፈልፍሎ፣ እጩ አድጎ፣ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ዋንጫው ከተደፋ አንዲትም ክንፍ አታወጣም። ቀኑ እንዳይረሳ ረቡዕና ዓርብ እንዲሆን ባለቤቴ ወሰነች፤ በኛ ቤት እነዚህን ሁለት ቀኖች የሚረሳ የለምና። የሚደፋው ውሃ በደረቅ መሬት ላይ መፍሰስ አለበት፤ በሌላ ዕቃ ውስጥ ቢገለበጥ ሥራው ከንቱ ነው። በዛፍ ላይ የታሰረውን ማዘንበል ስለማይቻል አዲስ ውሃ በኀይል እያፈሰስን ዋንጫውን እናጥበዋለን። የልጆች ትኩሳት በሚበዛበት ወራት ደግሞ በጣሳ ያለውን ዋንጫውን ባዶ አድርጎ፣ ቅርፊቱንና ከሰሉን ብቻ ማርጠብ ይበቃል፤ በቅጠሉ ላይ ጥቂት ውሃ ከተረጨለት ተክሉ አይሞትም። ይህን ሁሉ ለመጠበቅ ጊዜ የሌለው ቤተ ሰብ ባይተክለው ይሻለዋል፤ ጽጌረዳ ይትከል። በግቢው ያለውን ክፍት በርሜልና ጀሪካን ሳይከድን በአበባ ዋንጫ የሚጨነቅ ሰው ግን፣ በሩን ከፍቶ መስኮት የሚቀረቅር ሰው ነው።

ሳልነግራችሁ የቀረ አንድ ጠባይ አለው። ያ የቀላው መኻሉ አበባው አይደለም፤ ቅጠሉ ነው። እውነተኛው አበባ ትንሽ፣ ሐምራዊ፣ በዋንጫው ውሃ ውስጥ ተደብቆ ጥቂት ብቻ ብቅ የሚል ነው። ተክሉ በዕድሜው ሙሉ የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው፤ ካበበ በኋላ እናቲቱ ቀስ በቀስ፣ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት፣ ትደርቃለች። ከመድረቋ በፊት ከግንዷ ሥር ልጆች ታበቅላለች። ይህን ለጎረቤታችን ለአንድ የበርታ ሽማግሌ ባጫውታቸው ምንም አልደነቃቸውም። «ሽመልም እንዲሁ አይደለምን? ካበበ ይሞታል» አሉኝ። እውነት ነው፤ ሽመል ከብዙ ዘመን በኋላ ጫካው ባንድ ጊዜ አብቦ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። እንሰትም ቢሆን፣ ለመሰንበት ቢተዉት፣ አንድ ጊዜ አብቦ ያልፋል፤ ቃጫም እንዲሁ።

አድጎ ሳለ አላብብም ብሎ የሚያስቸግር ተክል ቢኖር ዘዴ አለ። ዋንጫውን አድርቆ፣ የበሰለ ሙዝ ከአጠገቡ አድርጎ፣ ሁለቱንም በፌስታል ሸፍኖ ከፀሐይ በራቀ ቦታ ለሳምንት ያህል ማቆየት ነው። የበሰለ ፍሬ ኤትሊን የሚባል አየር ያወጣል፤ ይህ አየር ተክሉን እንዲያብብ ይቀሰቅሰዋል። ነገሩ የታወቀው በአጋጣሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 በአዞርስ ደሴቶች አናናስ በሚበቅልበት የመስተዋት ቤት ውስጥ ጭስ ገብቶ አናናሱ ሁሉ ባንድነት አበበ፤ በጭሱ ውስጥም ያው አየር ነበረበት። ሙዝ በጕድጓድ አድርገው በጭስ የሚያበስሉ የአገራችን ሴቶች ምክንያቱን ሳያነቡ ሥራውን ሲሠሩበት ኖረዋል። የኔው ተክል ከሙዙ ጋር ስምንት ቀን ሰንብቶ፣ ከሦስተኛው ወር በፊት አበበ።

ልጅቱን ከእናቷ ለመለየት መቸኰል አይገባም። ቁመቷ የእናቷን ሲሶ ወይም እኩሌታ ሲደርስ በስለታም ቢላዋ ከግንዱ ተጠግቶ መቍረጥ፣ ቍስሏ አንድ ሁለት ቀን እስኪደርቅ በጥላ ማቆየት፣ ከዚያ በኋላ መትከል ነው። ከተለየች በሁለት ወይም በሦስት ዓመት እርሷም ታብባለች።

ባለፈው ዓመት ያበበችው እናት ዛሬ ቅጠሏ ከጫፉ እየደረቀ ነው፤ ሦስት ልጆች አስነሥታለች። ሁለቱን ባለቤቴ ራሷ ቈርጣ በሽመል ዕቃ ተክላቸዋለች፤ ረቡዕና ዓርብ ዋንጫውን የምትደፋውም ያች ታማ የነበረችው ልጃችን ናት፤ ከመድፋቷ በፊት ውሃውን በብርጭቆ ቀድታ ጋደም ያለ እጭ እንዳለ ታያለች። ሦስተኛውን ልጅ ለጤና ሠራተኛዋ ሰጠናት። በሥራ ክፍሏ መስኮት ላይ አስቀምጣው፣ በዕቃው ላይ «ረቡዕና ዓርብ ይደፋ» የሚል ወረቀት ለጥፋበት አይቻለሁ።